ማን ተቆጠረ? ማንስ ቀረ? በካፋ አጥቢያዎች ለጎልማሶች የአኃዝ ንባብን ስለ ማስተማር

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተመዘገበው ታሪክ ለአባቶች ካህናትም ሆነ ለሰበካ ጉባኤ አባላት የታወቀ ነው። የአማኞች ቁጥር እየጨመረ በሄደ ጊዜ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት ወገኖች መበለቶቻቸው ከዕለት እደላው እንደተዘነጉ ተናገሩ። ሐዋርያትም ቅሬታውን አልናቁትም፤ ማኅበሩን ሰብስበው ሰባት ዲያቆናት እንዲመረጡ አደረጉ፤ የእደላውንም ኃላፊነት ለእነርሱ ሰጡ። ይህን ምዕራፍ በአብዛኛው የምናነሣው ስለ ዲቁና አገልግሎት ስናስተምር ነው። ይሁን እንጂ በታሪኩ ውስጥ ልናስተውለው የሚገባ ሌላ ነገርም አለ። እደላው በየዕለቱ ይካሄድ ነበር፤ አጠቃላይ ሥራውን ለሚያይ ሰው የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም። ጉድለቱ የታየው «ለእነማን ደረሰ? ለእነማንስ አልደረሰም?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ነው። ያልደረሳቸውም ቋንቋቸው ከብዙኃኑ የተለየ መበለቶች ነበሩ።

ዛሬ በቦንጋና በመላው የካፋ ዞን በሚገኙ አጥቢያዎቻችን ይኸው ጥያቄ በሌላ መልክ ይቀርባል። እደላው በወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ ወረቀቱም በአማርኛ ተጽፏል፤ አማርኛውም በሠንጠረዥ ውስጥ ተቀምጧል። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ፊደል የቆጠረ፣ ነገር ግን ሠንጠረዥ ማንበብ ያልቻለ ጎልማሳ ስለ ራሱ በተጻፈው ነገር ላይ ቃል መናገር አይችልም። ስለዚህ አማርኛ ለሚማሩ ጎልማሶች ከፊደሉ ጋር አብሮ አኃዝን የማንበብና የመጠየቅ ችሎታ ሊሰጣቸው ይገባል።

የአኃዝ ንባብ ምንድን ነው?

በተለምዶ «ዳታ» የሚባለው አኃዛዊ መረጃ ተቆጥሮ፣ ተመዝኖ ወይም ተለክቶ የተመዘገበ ነገር ሁሉ ነው። የክርስትና መዝገብ፣ የእድር መዋጮ ደብተር፣ የቡና ሚዛን ደረሰኝ፣ የጤና ጣቢያ ካርድ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው የበጀት ሠንጠረዥ ሁሉም ከዚህ ይመደባሉ። መረጃውን ማንበብ ማለት ቁጥሩን በድምፅ መጥራት ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ከምን እንደተገኘ፣ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሸፍን ማወቅም ነው።

ይህ ነገር ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ መምህር ደቀ መዝሙሩን ሲያስተምር መልሱን አስጠንቅቆ አይተወውም፤ መንገዱን ያሳየዋል። ለ2017 ዓመተ ምሕረት 5500 ሲደመር 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ19 ተካፍሎ 12 ይተርፋል፤ አንድ ተቀንሶ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ 11 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕም ሲደመሩ 30 መሆናቸው ስሌቱ ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው። አንድን ቁጥር ከመቀበል በፊት ከየት እንደመጣ መጠየቅና በሌላ መንገድ መፈተሽ የአባቶቻችን ልማድ ነው ማለት ነው። ለጎልማሶች እንስጥ የምንለውም ይህንኑ ልማድ ነው።

ለምን በካፋ?

የካፋ ሕዝብ አፍ የፈታው በካፊ ኖኖ ነው። ቋንቋው በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ይጻፋል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በመሆኑም አንድ የጊምቦ ወይም የዴቻ ገበሬ በቤቱ በካፊ ኖኖ ይነጋገራል፤ ልጁ በላቲን ፊደል የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፤ ግብር የሚከፍልበት፣ መሬቱ የሚረጋገጥበትና አቤቱታው የሚቀርብበት ወረቀት ግን በግእዝ ፊደል፣ በአማርኛ ነው። ጎልማሳው አማርኛን የሚማረው ለጨዋታ ሳይሆን ለዚህ ወረቀት ነው።

የጎልማሶች ትምህርት በአካባቢው የቆየ ታሪክ አለው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የካፋና የሞቻ ቋንቋ ነበር፤ በዚያን ጊዜም የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነው። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ከዚያ በኋላም ትምህርት ሚኒስቴር የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርትን አስጀምሮ ንባብን ከእርሻ፣ ከጤናና ከቁጠባ ጋር ለማያያዝ ሞክሯል። እነዚህ ሁሉ መሠረት ጥለዋል። ይሁን እንጂ በብዙ የጎልማሶች ክፍሎች ስሌት እንደ መደመርና መቀነስ ልምምድ ብቻ ይቀርባል፤ የቀበሌው ሠንጠረዥ ወደ ክፍሉ አይገባም።

የቁጥሩ ዕድሜም መታሰብ አለበት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በካፋ ዞን 431,348 ወንዶችና 443,368 ሴቶች፣ በድምሩ 874,716 ሰዎች ተቆጥረዋል። ከእነዚህም በከተማ የሚኖሩት 66,667 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ ስምንት እንኳ አይሞላም። ከዚያ ወዲህ ሊካሄድ የታቀደው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተላልፏል። በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ለአካለ መጠን ደርሷል። የክትባት መድኃኒት፣ የመማሪያ መጻሕፍት፣ የእርዳታ እህል የሚመደበው በአብዛኛው ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ በተሠራ ግምት ነው። ግምት አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም መንደሩን የሚያውቅ ሰው ግምቱን ከሚያየው ጋር አስተያይቶ መናገር መቻል ይኖርበታል።

ደኑም ሌላ ምክንያት ነው። የካፋ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ክልል እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበ ሲሆን ስፋቱ ወደ 760,000 ሄክታር ይደርሳል። ክልሉ በካርታ ላይ በሦስት ተከፍሏል፤ በአንደኛው ውስጥ ምንም መቁረጥም ሆነ መልቀም አይፈቀድም፣ በሁለተኛው የተወሰነ ጥቅም ይፈቀዳል፣ በሦስተኛው ሰው ይኖርበታል፣ ያርስበታልም። በቦንጋ አካባቢ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው አሳታፊ የደን አስተዳደርም በአባላት መዝገብ፣ በስምምነት ሰነድና በገቢ ሒሳብ የሚመራ ነው። የቡና ለቀማ፣ የቀፎና የኮረሪማ መብት በእነዚህ ወረቀቶች ላይ የተንጠለጠለ ነው። ካርታውን ያላነበበ፣ ስሙም በመዝገቡ ይኑር አይኑር ያላወቀ ሰው መብቱ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ የሚያውቀው ከሌላ ሰው አፍ ብቻ ነው።

አምስቱ ጥያቄዎች

የአኃዝ ንባብ ትምህርት ከአምስት ጥያቄዎች አይወጣም። ተማሪው በካፊ ኖኖም በአማርኛም በቃሉ ሊይዛቸው ይገባል። አንደኛ፣ ማን ቆጠረ? ሁለተኛ፣ መቼ ተቆጠረ? ሦስተኛ፣ ማን ተቆጠረ፣ ማንስ ቀረ? አራተኛ፣ ይህ ቁጥር ከስንት ነው? አምስተኛ፣ በዚህ ቁጥር ማን ምን ይወስናል?

አራተኛውን ጥያቄ በምሳሌ እንመልከት። «በስብሰባው የሴቶች ተሳትፎ በእጥፍ አደገ» የሚል ሪፖርት ቢቀርብ ደስ ያሰኛል። «ከስንት ወደ ስንት?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ከ2 ወደ 4 ሊሆን ይችላል፤ በስብሰባው የተገኙትም 90 ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሪፖርቱ ሐሰት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው። ጎዶሎውን የሚሞላው ጠያቂው ነው።

ትምህርቱ እንዴት ይሰጣል?

ጎልማሳ ባዶ ሰሌዳ አይደለም። በገበያ ሲደራደር፣ ለእድር ሲያዋጣ፣ የቀፎውን ማር ሲከፋፍል በየዕለቱ ያሰላል። ብራዚላዊው መምህር ፓውሎ ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1963 አንጊኮስ በምትባል ከተማ ሠራተኞችን ንባብ ሲያስተምር ከሕይወታቸው በወጡ ቃላት የጀመረው ይህን በማወቁ ነው። ከእርሱ በኋላ ሪፍሌክት የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኡጋንዳ፣ በባንግላዴሽና በኤል ሳልቫዶር ሲሞከር ተማሪዎቹ የመማሪያ መጽሐፍ አልተሰጣቸውም፤ የመንደራቸውን ካርታ፣ የሥራ ወቅት መቁጠሪያና የገቢ ወጪ ሠንጠረዥ መሬት ላይ በጥራጥሬና በእንጨት ሠሩ፤ ከዚያም የሠሩትን በወረቀት ላይ ጽፈው አነበቡት። ይህ መንገድ ለካፋ አጥቢያዎች የሚከብድ አይሆንም።

በመጀመሪያ ቡናው ይቅደም። መምህሩ በመሬት ላይ አሥራ ሁለት መስመሮችን ያሰምራል፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ወር ነው። ተማሪዎች ገንዘብ በሚገኝበት ወር ብዙ የቡና ፍሬ፣ በሚጠፋበት ወር ጥቂት ያኖራሉ። የቡና ለቀማው ወራት ክምር ከፍ ይላል፤ የክረምቱ ያንሳል። ይህ ሥዕላዊ መግለጫ ይባላል። ውይይቱ በካፊ ኖኖ ይካሄድ፤ ሐሳቡ ከገባ በኋላ አማርኛው ይከተላል፤ «ከሐምሌ ይልቅ በኅዳር ብዙ ገቢ አለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከፍሬው ላይ ይነበባል።

ቀጥሎ የሠንጠረዡ አማርኛ ይመጣል። የቢሮ አማርኛ የመንደር አማርኛ አይደለም። «ተ.ቁ.» ተራ ቁጥር መሆኑን ማንም ሳይነገረው አያውቅም። «ምርመራ» በሠንጠረዥ መጨረሻ ላይ ሲጻፍ የሐኪም ወይም የፖሊስ ምርመራ አይደለም፤ ተጨማሪ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ ነው። «ድምር»፣ «ቀሪ»፣ «አማካይ»፣ «ከመቶ»፣ «ሩብ ዓመት» የሚሉት ቃላት አንድ በአንድ ይተርጎሙ። ሰረዝ ያለበት ወይም ባዶ የተተወ ቦታም ይጠየቅ፤ «የለም» ማለት ነው ወይስ «አልተቆጠረም»? በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በመንደሩ የታመመ የለም ማለትና የታመመ መኖሩን ማንም አልጠየቀም ማለት አንድ አይደሉም።

ካህናት መምህራን አንድ ነገር ልብ እንዲሉ ያስፈልጋል። በግእዝ አኃዝ ባዶን የሚያመለክት ምልክት የለም፤ ፻፳ ሁለት ምልክት ሲሆን 120 ሦስት ነው። በግእዝ አኃዝ የለመደ ሰው በዚህኛው የቁጥሩ ዋጋ በቦታው እንደሚለወጥ፣ ዜሮም ቦታ እንደሚጠብቅ ለብቻው ሊማር ይገባል። 105ን 15 ብሎ የሚያነብ ሰው በደረሰኙ ላይ 90 ብር ያጣል።

ከዚህ በኋላ ወደ ሚዛን እንሂድ። በቡና ንግድ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንዱ ነጋዴ በፈረሱላ 1,700 ብር፣ ሌላው በኪሎ 98 ብር እገዛለሁ ቢሉ የትኛው ይሻላል? (ዋጋው ለመልመጃ ብቻ የቀረበ ነው።) 98 በ17 ሲባዛ 1,666 ስለሚሆን የመጀመሪያው ይሻላል። እሸት ቡና ወደ ንጹሕ ቡና ሲለወጥ በግምት ስድስት ኪሎው አንድ ኪሎ እንደሚሆን ያወቀ ተማሪም የእሸቱን ዋጋና የንጹሑን ዋጋ አነጻጽሮ መጠየቅ ይችላል። ስለ ሚዛን ቅንነት መጻሕፍት የሚያስተምሩትን መምህሩ እዚህ ላይ ቢያነሣ ትምህርቱ ይሰምራል።

አማካይ ምን ይሸፍናል?

በ1999ኙ ቆጠራ መሠረት በካፋ ዞን በአንድ ቤተሰብ በአማካይ 4.77 ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ በዓለም ላይ የለም። አማካይ ሁሉንም አንድ ላይ ደምሮ እኩል ያካፈለ ቁጥር ነው፤ ለዕቅድ ይጠቅማል፤ ለእደላ ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል።

አምስት ቤተሰቦች አሉ እንበል፤ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 10 ሰዎች ያሉባቸው። ድምሩ 24፣ አማካዩም 4.8 ነው። 150 ኪሎ እህል መጥቶ ለየቤቱ 30 ኪሎ ቢሰጥ እኩል የተካፈለ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ሰው ባለበት ቤት ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ሲደርስ፣ አሥር ሰው ባለበት ቤት 3 ኪሎ ብቻ ይደርሳል። በነፍስ ወከፍ ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 6 ኪሎ ከሩብ ይሆን ነበር። ተማሪዎች ይህን በጥራጥሬ ከፋፍለው ካዩ በኋላ «የትኛው ፍትሕ ነው?» ተብለው ይጠየቁ። ምናልባት ከሁለቱ የተለየ መልስ ያመጣሉ፤ የታመመ ያለበት ቤት ይጨመርለት ይላሉ። ይህ ክርክር ራሱ የትምህርቱ ፍሬ ነው።

ድምር ማንን ይደብቃል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። አንድ ቀበሌ ሦስት መንደሮች አሉት እንበል። በላይኛው መንደር ካሉ 50 ቤቶች 45ቱ፣ በመካከለኛው ካሉ 40 ቤቶች 36ቱ፣ በጫካው ዳር ካሉ 10 ቤቶች 1 ብቻ በአንድ አገልግሎት ተመዝግበዋል። ሪፖርቱ «ከ100 ቤቶች 82ቱ ተመዝግበዋል» ይላል። መልካም ውጤት ነው፤ ትክክልም ነው። በጫካው ዳር ላሉት ዘጠኝ ቤቶች ግን ይህ ቁጥር መጋረጃ ሆነባቸው።

ምሳሌውን ያለ ምክንያት አላመጣነውም። በካፋ ማንጆ እየተባሉ የሚጠሩት ወገኖቻችን በማዕድ፣ በጋብቻና በማኅበር ለዘመናት ተገልለው ኖረዋል፤ ብዙዎቹም ኑሯቸውን የመሠረቱት በጫካው ዳር፣ በማገዶና በከሰል ሽያጭ ነው። መገለል ከአጥቢያችን ደጅ ውጭ ይቀራል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው። በአንዲት ጥምቀት የተወለዱ ሰዎች በአንድ መዝገብ ላይ እኩል መስፈራቸውን ማረጋገጥ የሰበካ ጉባኤ ሥራ ነው። ባሏ የሞተባት እናት በባሏ ስም በተመዘገበ የደን ተጠቃሚነት ውስጥ መብቷ እንደቀጠለ፣ አካል ጉዳተኛው ከውኃ ቦኖው ኮሚቴ ዝርዝር እንዳልወጣ የሚታወቀውም ድምሩን በመንደር፣ በጾታና በኑሮ ሁኔታ ከፍሎ በማየት ነው። የሐዋርያት ዘመን ማኅበር ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ሊታሰቡ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ መቁጠር ማጋለጥ እንዳይሆን። በክፍል ውስጥ የሚሠራባቸው ቁጥሮች የሰው ስም የሌለባቸው ይሁኑ። ሕመም፣ ድህነትና የቤተሰብ ምሥጢር በሰሌዳ ላይ አይጻፉም፤ ካህን በንስሐ የሰማውን ጉዳይ ለየትኛውም ቆጠራ አይጠቀምበትም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የግል መረጃ ያለ አግባብ እንዳይሰበሰብና እንዳይተላለፍ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ ጥያቄ ክስ እንዳይመስል። የመንግሥት መረጃን የመጠየቅ መብት በሕገ መንግሥቱም በአዋጅ ቁጥር 590/2000ም የታወቀ ነው። በጀት በወረዳ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ የተደረገውም ሕዝቡ እንዲያነበው ነው። ቢሆንም የቀበሌው ሠራተኛ ጎረቤታችን ነው፤ ብዙ ጊዜም ሠንጠረዡ ከላይ ተዘጋጅቶ የመጣለት ነው። «ለምን ሰረቃችሁ?» ከማለት ይልቅ «ይህ ቁጥር እንዴት ተገኘ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ መልስ ያስገኛል።

ሦስተኛ፣ ራሳችንን እንፈትሽ። የሰበካ ጉባኤው የሙዳየ ምጽዋት ገቢና ወጪ በሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ ለምእመናን ካልተነበበ ሌላውን እንዲጠይቁ ማስተማር አይቻለንም። የመጀመሪያው የመማሪያ ጽሑፍ የአጥቢያው የራሱ ሒሳብ ቢሆን የተሻለ ነው።

ከአጥቢያው የሚጠበቀው

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አማርኛ እያስተማረ ያለ አጥቢያ በሳምንት ከሚሰጠው ክፍለ ጊዜ አንዱን ለዚህ ይመድብ። ትምህርት ያላቋረጠ አንድ የካፊ ኖኖ ተናጋሪ ወጣትና ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ አንድ ካህን ወይም ዲያቆን አብረው ቢያስተምሩ ቋንቋውም ስሌቱም ይሟላል። ሰዓቱ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ሰንበቴው በሚሰበሰብበት ጊዜ ይሁን፤ በቡና ለቀማ ወራት ክፍሉ ቢቀልል፣ እናቶችም ልጅ ይዘው እንዲመጡ ቢፈቀድላቸው ብዙ ሰው አይጎድልም።

ከአንድ ሩብ ዓመት በኋላ ተማሪው ሦስት ነገር ማድረግ ከቻለ ትምህርቱ ውጤት አስገኝቷል፤ የሚዛን ደረሰኙን አንብቦ ራሱ ማስላት፣ በሰሌዳ ላይ ያለ ሠንጠረዥን ራስጌ፣ ድምርና ባዶ ቦታ ማስረዳት፣ እንዲሁም በስብሰባ ተነሥቶ ከአምስቱ ጥያቄዎች ቢያንስ አንዱን በአማርኛ መጠየቅ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። በስብሰባ ላይ «82 ከመቶ» ተብሎ ሲነበብ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እናት ተነሥታ «የቀሩት 18 የት መንደር ናቸው?» ብላ ብትጠይቅ የዚያ ቀን ስብሰባ እንደ ወትሮው በጭብጨባ አይበተንም፤ አንድ ሰው ወደ ጫካው ዳር ሄዶ በየቤቱ ማንኳኳት ይኖርበታል። አጥቢያዎቻችን እንዲህ ያሉ ጠያቂዎችን እንዲያፈሩ፣ ሲጠየቁም በሐዋርያት ልብ እንዲቀበሉ እግዚአብሔር ይርዳን።